ውጤት ፍለጋ ከመካነ ኢየሱስ

በደቡብ ጎንደሯ መካነ ኢየሱስ ከተማ ውስጥ የገጠር ተማሪ ያለበት ቤት በስንቅ ይታወቃል። ድርቆሹና በሶው በከረጢት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ ቆሎው በፌስታል ተቋጥሮ፣ ከሥሩ ሦስት አራት ልጆች ደብተር ዘርግተው ያጠናሉ። የእህቴ ልጅም ዘጠነኛ ክፍልን የጀመረችው እንዲህ ነው። በኋላ እኔ ዘንድ መጣች።

ሐኪም ነው የምሆነው ማለት የጀመረችው እናቷ በምጥ ተይዛ በቃሬዛ ወደ ከተማ የገባች ጊዜ ነው። ከተማችን የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል አላት፤ የከበደው ግን ወደ ደብረ ታቦር ይላካል። እህቴም ተላከች። እሷ ተርፋ ተመለሰች፤ ሕፃኑ ግን መንገድ ላይ ቀረ። ልጅቷ ከዚያ በኋላ ሌላ ሙያ አንስታ አታውቅም።

የባዮሎጂ መጽሐፍ አንዱ ለብዙ ተማሪ ስለነበር ተራዋ ሲደርስ ሌሊቱን ሙሉ ወደ ደብተሯ ትገለብጠዋለች። የልብን ሥዕል የሠራችበት ገጽ ዛሬም እኔ ጋ አለ። ኦክስጅን የያዘው ደም የሚሄድባቸውን ሥሮች በቀይ፣ ኦክስጅን ያነሰው የሚሄድባቸውን በሰማያዊ ቀብታለች። ቀዩ እስክሪብቶ መሀል ላይ አልቆባት አኦርታ ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ እርሳስ ነው። እስክሪብቶ የሚገዛላት ሰው እስኪመጣ አልጠበቀችም፤ መጽሐፉ ጠዋት ይመለሳልና።

ከ2014ቱ ተፈታኞች ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ጀመረ። ኩረጃንና የፈተና ስርቆትን ለማስቀረት ስለሆነ ያን ጊዜም ደግፌዋለሁ፣ አሁንም እደግፈዋለሁ። ሐምሌ 2015 የእህቴ ልጅና የሰፈራችን ተፈታኞችም በዝናብ ተሳፍረው ሄዱ፤ ተፈትነውም በሰላም ተመለሱ። ሐምሌ ሳያልቅ በአማራ ክልል ጦርነት ተነሣ፣ የሞባይል ኢንተርኔትም ተቋረጠ።

በመስከረም መጨረሻ ውጤት መውጣቱን በሬዲዮ ሰማን። በአገር አቀፍ ደረጃ ማለፊያውን ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ መሆናቸውም አብሮ ተነገረ። ውጤት በድረ ገጽና በቴሌግራም ይታይ ነበር፤ እኛ ዘንድ ግን ሁለቱም አልነበሩም። አዲስ አበባ ያለ ዘመዳችን ጋ ደወልን። የመፈተኛ ቁጥሯን ስንነግረው መስመሩ እየተቆራረጠ ከቆየ በኋላ «...የለችም» የሚል ድምፅ መጣና ጠፋ። ደግመን ብንደውልም አልሠራ አለ። እህቴ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ጎረቤት እንደ ለቅሶ ቤት መጣልን። ልጅቷ ግን አላለቀሰችም፤ «ውጤቴን በዓይኔ ሳላይ አላምንም» አለች።

እኔም ባሕር ዳር ልሂድ ብዬ ተነሣሁ፤ እዚያ የመስመር ኢንተርኔት ያላቸው ቤቶች እንዳሉ ሰምቼ ነበር። መሄዴ ሲሰማ ሰፈሩ የልጆቹን ቁጥር ይዞ መጣ። አንዱ በብጣሽ ወረቀት፣ አንዱ በመዳፉ ጽፎ፤ አንድ አባት ደግሞ የልጁን የመፈተኛ ካርድ በፌስታል ጠቅልሎ «እንዳይረጥብብህ፣ ወንድሜ» ብሎ ሰጠኝ።

ሐሙሲት ስንደርስ መንገድ ተዘግቷል ተብሎ መኪናው ቆመ። እዚያው አደርን። አብረውኝ ከተሳፈሩት አንዱ ሽማግሌ መሪጌታ ነበሩ።

«ልጄ፣ ይህ ሁሉ ወረቀት ምንድን ነው?»

«የተማሪዎችን ውጤት ላይበት ነው፣ መሪጌታ። የእህቴ ልጅ ሐኪም መሆን ትፈልጋለች።»

«ስንት ዓመት ይፈጃል ትምህርቱ?»

«ከፍሬሽማን እስከ ኢንተርንሺፕ ሰባት ዓመት ገደማ ነው።»

«ድጓም እንደዚያው ነው። የድጓ ማስመስከሪያው ቤተልሔም ሄጄ እስካስመሰክር ብዙ ክረምት አልፎብኛል። ግን መምህሬ ፊት ቆሜ ነው የተጠየቅሁት፤ ማለፍ መውደቄን እዚያው አወቅሁ።»

ይህ ንግግራቸው ሌሊቱን ሙሉ ሲያብሰለስለኝ አደረ፤ ሕክምና መማር ድሮ ምን ያህል ሩቅ እንደነበርም አሰብኩ። ዘመናዊ ሕክምና በመማር ቀዳሚ የሚባለው ኢትዮጵያዊ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ የጎንደር ተወላጅ ነው። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ጦርነት በኋላ፣ ሕፃን ሳለ፣ የእንግሊዝ ጦር ወሰደው፤ ሕክምናን ላሆር ተማረ። የደንቢያ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺህ ሰው ከፈጀ በኋላ ደግሞ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ፤ ባለሙያዎቹ የሠለጠኑት ለገጠሩ ሕዝብ ነበር። ዛሬ ሕክምና ደብረ ታቦርም ይሰጣል። ትምህርት ቤቱ ደጃችን ከደረሰ በኋላ ልጅ ማለፍ መውደቋን ለማወቅ ይህን ያህል መንከራተት አይገባም ነበር።

በማግሥቱ መንገዱ ተከፈተና ባሕር ዳር ገባሁ። ኢንተርኔት ቤቱ ከየወረዳው በመጣ ሰው ተሞልቷል፤ ሁሉም እንደኔ የሰፈሩን ቁጥር ይዟል። ተራዬ ደርሶ የእህቴን ልጅ ቁጥር አስገባን። አልፋለች፣ ያውም በጥሩ ነጥብ! ያ ዘመዳችን ለካ ድረ ገጹ በሰው ብዛት ተጨናንቆበት «ገና አልመጣልኝም፣ እስካሁን የለችም» ማለቱ ነበር።

ደስታዬ ግን የወረቀቱን ሌላ ስም እስካይ ብቻ ቆየ። ከእሷ ሌላ ያለፈው አንድ የገበሬ ልጅ ነው። የሌሎቹን ውጤት እየጻፍኩ እጄ ከበደኝ፤ ስመለስ ሁሉም በር ላይ እንደሚጠብቁኝ አውቃለሁ። ጠበቁኝም። በፌስታል የጠቀለለው አባት ካርዱን ተቀብሎ «እንግዲህ ሪሚዲያል ይደርሰው ይሆን?» አለኝ። ሪሚዲያል ላላለፉ ተማሪዎች የሚሰጥ የማካካሻ ትምህርት ነው፤ መግቢያ ነጥቡም የሚወጣው በዚያው በኢንተርኔት ነበር። ልጁ ሳይሰማ እንዳያልፈው በየሳምንቱ ዩኒቨርሲቲ ላለ ሰው እየደወልኩ ጠየቅሁለት።

የእህቴ ልጅ የተመደበችበት ዩኒቨርሲቲ ከወራት መዘግየት በኋላ ሲጠራ ገባች። ፍሬሽማንን ጥሩ ውጤት ይዛ ጨርሳ ሕክምና መረጠች፤ ደረሳትም። አሁን ፒሲ፣ ማለትም ቅድመ ክሊኒክ ትምህርት ላይ ናት፤ አናቶሚ እያስጨነቃት ነው።

ውጤትና ጥሪ የምታወጡ ወገኖቼ፣ በኢንተርኔት ማውጣታችሁ መልካም ነው። ኔትወርክ ለሌለበት ወረዳ ግን በወረቀት አትማችሁ ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ላኩ፤ የትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። የምዝገባ ቀኑም በሬዲዮ ተደጋግሞ ይነገር።