ያላለቀው ምርቃት

አክስቴ «ትንሽ ሥራ» ካለች ሥራው ትንሽ አይደለም። የልጇ የሰርግ ቪዲዮ ረዝሞባታል፤ እሑድ ዘመድ አዝማድ ቡና ሊጠጣ ሲመጣ የሚታይ አጠር ያለ ነገር እንዳወጣላት፣ አያቴ ሙሽሮቹን የመረቀችበትን ቦታ ደግሞ «ረጋ አርገህ፣ ስትጨርስ እጇን እንደዘረጋች ቀጥ አርገህ አቁምልኝ» አለችኝ። «ደሞ አትቸኩል፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብላ ፍላሹን ከግማሽ ድፎ ዳቦ ጋር አስያዘችኝ። ድፎ ተቀብሎ ወደ ኋላ የለም።

ቤት ገብቼ ላፕቶፔን ከፈትኩና ከጭፈራው ጀመርኩ። ምርቃቱ ይቀድም ነበር፤ ግን እስክስታ እያለ ማን ምርቃት ይጀምራል? ካሜራማኑ፣ እጁ ይባረክ፣ ጭፈራውን በሰከንድ 50 ፍሬም ነው የቀረጸው። ቪዲዮው የሚታየው በ25 ስለሆነ ፍጥነቱን በግማሽ ስቀንሰው እያንዳንዱ ፍሬም ተራው ይደርሰዋል፤ የሚጎድል የለም። የአንዷ ሚዜ ትከሻ ወደ ላይ ሲወጣ የአንገቷ ሐብል ተከትሎ ይነሳል፤ ትከሻው ተመልሶ ሲወርድ ሐብሉ ገና አየር ላይ ነው። በዓይናችን ስናየው ያመለጠን ነገር ነው። ስሎው ሞሽንን የምወደው ለዚህ ነው።

ነገሩ ያረጀ ጥበብ ነው። አውጉስት ሙስገር የሚባሉ ኦስትሪያዊ ቄስ እንደ ፈረንጆቹ በ1904 ፓተንት አውጥተውበታል። ሐሳቡ ዛሬም ያው ነው፦ ሲቀረጽ ብዙ ፎቶ በፍጥነት ማንሳት፣ ሲታይ ግን በተለመደው ፍጥነት ማሳየት። ቄስ መሆናቸው ደስ ስላለኝ ለአያቴ ልነግራት አሰብኩ። ነገርኳትም፤ ጊዜው ግን ጥሩ አልነበረም።

ምርቃቱ የተቀረጸው በ25 ነው። እሱን በግማሽ ስታዘገዩት ሶፍትዌሩ ትርፍ ፎቶ ከየት ያመጣል? ያንኑ ሁለት ሁለት ጊዜ ያሳያል፤ እንቅስቃሴው ይንገጫገጫል። ኦፕቲካል ፍሎው የሚባል መላ አለ፤ በሁለት ፍሬሞች መሐል ያልነበረውን አስልቶ ይሠራል። ለነጠላዋ ጥለት ጥሩ ሆነ። ጣቶቿን ስታወዛውዝ ግን ጣት ከጣት እየቀለጠ ተደባለቀብኝና መልሼ አጠፋሁት። ትንሽ ቢንገጫገጭ ይሻላል፤ የአያቴን ጣት ማሽን እንዲፈጥርልኝ አልፈልግም።

ቀጥሎ ማቆሙ። የምሠራበት ዳቪንቺ ሪዞልቭ ላይ ሺፍትና አርን አንድ ላይ ስትጫኑ ምስሉ ይቆማል፤ የሚቆመው ግን ያላችሁበት ቦታ ብቻ ሳይሆን ክሊፑ በሙሉ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ ቦታውን ከግራና ከቀኝ መቁረጥ ይገባል። ደግሞስ የቱን ፍሬም? በአንዷ ሰከንድ ውስጥ 25 አያቶች አሉ፦ አንዷ ዓይኗን ጨፍናለች፣ አንዷ አፏን ከፍታለች፣ አንዷ የተናደደች ትመስላለች። ሌሊቱ ከተጋመሰ በኋላ አገኘኋት። «አሜን» ከተባለ በኋላ መዳፏ ተዘርግቷል፣ ነጠላዋ ከትከሻዋ ሊወድቅ ሲል ከኋላ የአክስቴ እጅ ይመልሰዋል። ማንም ፎቶግራፍ አንሺ ያንን አላነሳውም።

እሑድ ሳሎኑ ሞላ። ፈንዲሻው ዞረ፣ እስክስታው ተጨበጨበለት። ከዚያ ምርቃቱ መጣ። አያቴ ቴሌቪዥኑ ፊት ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች። ስክሪኑ ላይ እጇ ቀስ ብሎ ተነሳ፤ «ውውው...ለለለ...ዱዱዱ» አለች። ሰው ሁሉ ለ«አሜን» አፉን አዘጋጀ። ቀጥሎ «ክበዱ» ነበር የሚመጣው። አልመጣም። ምስሉ ድንገት ወደ ተዘረጋው መዳፍ ዘለለና እዚያው ደርቆ ቀረ። ግማሹ ሰው «አሜን» አለ፣ ግማሹ ዞሮ እኔን አየኝ።

የሆነው ይህ ነው፦ ክሊፕ ሲዘገይ ይረዝማል። ሪፕል የምትለዋን ሣጥን ምልክት ካደረጋችሁባት ከኋላ ያሉት ክሊፖች ገፋ ብለው ቦታ ይለቁለታል። ምልክት ካላደረጋችሁ ክሊፑ በድሮ ርዝመቱ ይቆይና ያልተናገረው ግማሽ ከጫፉ ይቆረጣል። የእኔ ሣጥን ባዶ ነበረች።

«አንተ ልጅ፣ የቀረውን የት አደረስከው?» አለች አያቴ። ዞር ብላም ሙሽራይቱን አየቻት፤ «ልጅቷ እንግዲህ ወልዳ ሳትከብድ ልትቀር ነው?»

ሙሽራይቱ የቡና ስኒዋን አስቀመጠች። እኔም የማደርገው ቢጠፋኝ ስሎው ሞሽንን ስለፈጠሩት ቄስ አወራሁ።

«ቄስ ምርቃት አይቆርጥም» አለች።

አያቴ እውነቷን ነው። ጭፈራ ቢዘገይ ያምራል፤ የተመረቀ ቃል ግን በመራቂው ትንፋሽ ነው መሄድ ያለበት። የሰርግ ቪዲዮ የሚሠራ ሁሉ፣ ባለሙያውም ጭምር፣ ሽማግሌ ሲናገር ፍጥነቱ ላይ እጁን ባያሳርፍ እወዳለሁ። ዝግታው የተፈለገው ለክብር ከሆነ፣ ክብሩ ቃሉ ካለቀ በኋላ ምስሉን ማቆም ውስጥ አለ።

እዚያው ሳሎን፣ እንግዳው ሁለተኛውን ቡና እስኪጠጣ፣ ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አድርጌ ምርቃቱን ወደ 100 ፐርሰንት መለስኩት። «ክበዱ» ተመለሰ፣ «አሜን» ተከተለ፣ ከዚያ መዳፉ ላይ ምስሉ ለ3 ሰከንድ ቆመ። አያቴ ራሷን ነቀነቀች። አክስቴ ግን ነጠላውን የሚመልሰው እጅ የሷ መሆኑን ሰው በደንብ እንዲያየው 5 ይሁን አለች፤ 5 አደረግሁት።