ለምሽት ዘገባ አዘጋጆች የተጻፈ የምስጋና ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የቴሌቪዥንና የዩቲዩብ «የምሽት ሕይወት» ዘገባ አዘጋጆች
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለችው የሐይቅ ከተማ ነዋሪ ነኝ። ካሜራችሁን ተሸክማችሁ እንደኛ ወዳለ የመንገድ ዳር ከተማ መሸታ ቤት ስትገቡ የምታደርጉትን ጥንቃቄ ሳላመሰግን ብቀር ነውር ይሆንብኛል።

እዚያ የምታድረውን ልጅ ዓይን በጥቁር መስመር ትሸፍናላችሁ። ድምፅዋ፣ የበሯ ቀለምና መጋረጃዋ እንዳለ ይተላለፋል፤ ሐይቅን በሚያህል ከተማ ደግሞ መጋረጃ ከመታወቂያ ይበልጣል። ደጅ የቆመውን የጭነት መኪና ታርጋ ግን አንዲት ቁጥር ሳታስቀሩ ታደበዝዛላችሁ። ሾፌሩ ባለትዳር ነዋ! ወረባቦ ያለችው እናቷ ልጄ ሆቴል ሳህን ታጥባለች ብላ ነበር የምታምነው፤ እናንተ እውነቱን እቤቷ ድረስ አደረሳችሁላት።

በድፍረትም የሚስተካከላችሁ የለም። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያጸኑት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሴት አያስገባም፤ መነኮሳቱም በፊናቸው የሴት ጓዳ አይገቡም። እናንተ መብራታችሁን አብርታችሁ አልጋው ድረስ!

ጠዋት በአምባሰል ቅኝት የወሎን ቆንጆ ታስወድሳላችሁ። ማታ ያቺው ቆንጆ «ማኅበራዊ ጠንቅ» ትባላለች። በመሀል ምን በላች፣ ለአልጋ ኪራይ ስንት ከፈለች፣ ማን ደበደባት? ለዘገባ አይመችም።

ከሁሉ የሚደንቀኝ የወንጀል ዜናችሁ ነው። «አንዲት ሴተኛ አዳሪ በተፈጠረ አለመግባባት ሕይወቷ አለፈ።» ሥራዋ ተነገረ፤ ገዳይ ግን የለም። ይኸ አለመግባባት የሚሉት ሰው እስከ ዛሬ ስንቷን እንደጨረሰ፣ ስንት ዓመት እንደተፈረደበት አንድ ቀን አልነገራችሁንም። ተደፈርኩ ያለችዋን ደግሞ «ሥራዋ አይደል?» ብላችሁ ትስቁባታላችሁ። የሕግ ሰው ጠርታችሁ ቢሆን ያሰለቻችሁ ነበር፦ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ ገላዋን በመሸጧ ብቻ አይቀጣትም፤ አንቀጽ 634 የሚይዘው በእሷ ገላ የሚነግደውን ነው። ደፋሪን ከ5 እስከ 15 ዓመት በጽኑ እስራት የሚቀጣው አንቀጽ 620ም የተደፈረችው ምን ሠርታ እንደምታድር አይጠይቅም። ደረቅ ነገር ነው፤ ተመልካች አያመጣም።

አንዲት ልመና ብቻ አለችኝ፦ በሚቀጥለው ዘገባችሁ መጋረጃውን አደብዝዙና ታርጋውን አሳዩን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለአቶ አለመግባባት (አድራሻው ስላልታወቀ በእናንተ በኩል ይድረስልኝ)