335 ፈረስ ያለ ልጓም

ክላሲክ መኪና ያየ ሰው የሚጠይቀው የታወቀ ነው። «ስንት ፈረስ ነው?» ይላል መጀመሪያ። ቀጥሎ «ሞተሩ የራሱ ነው?» ደፋር ከሆነ ደግሞ «ስንት ገዛኸው?» «ለመሆኑ ይቆማል?» ብሎ የጠየቀ ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም። ባልንጀራዬም የ1965 ሞዴል ፖንቲያክ ጂቲኦውን እዚህ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ሲገዛ አልጠየቀም። ሳምንቱን ሙሉ ታክሲ ሲነዳ የሚከርም ሰው በእረፍቱ ቀን የሚነዳው ሌላ መኪና ይገዛል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ሚስቱም አልጠረጠረችም። መኪናው ግቢ ገብቶ ከቆመ በኋላ ነው የሰማችው፤ የሰማችውም በጆሮዋ ነው፣ መስኮቱ ይንቀጠቀጥ ነበርና።

የጂቲኦ አወላለድ ራሱ ሽወዳ አለበት። ጄኔራል ሞተርስ መካከለኛ መኪኖቹ ላይ ከ330 ኪዩቢክ ኢንች የሚበልጥ ሞተር እንዳይገጠም ከልክሎ ነበር። ፖንቲያክ ቤት የነበሩት እነ ጆን ዲሎሪያን ግን ለ1964 ሞዴል ባለ 389ኙን፣ ማለትም 6.4 ሊትሩን ሞተር፣ ቴምፐስት ለተባለችው መኪና «ደንበኛው ከፈለገ የሚጨመር» ብለው አስገቡት። የተከለከለው መኪናው ነው እንጂ የደንበኛው ፍላጎት አይደለም! በዓመቱ ተራው ሞተር ራሱ 335 ፈረስ ጉልበት ደረሰ። ፍሬኑስ? በአራቱም እግር ታምቡር፣ ስፋቱ 9.5 ኢንች። ፋብሪካው ለፊት እግሮቹ ዲስክ ማቅረብ የጀመረው በ1967 ነው፤ እሱንም ተጨማሪ ለከፈለ። ጃጓር እኮ የለ ማንን ውድድር በዲስክ ፍሬን ያሸነፈው በ1953 ነው። ዲትሮይት መሮጥን ለሁሉም ሲሸጥ፣ መቆምን እንደ ቅንጦት ዕቃ ጓዳ አስቀምጦት ነበር።

ታምቡርን ልሳደብ አይደለም። ታምቡር በደንብ ያቆማል፤ አንድ ጊዜ። ችግሩ ሁለተኛው ጊዜ ነው። ከፍጥነት ተይዞ ሲቆም ሙቀቱ መውጫ ያጣና ብረቱ ይሰፋል፤ ሲሰፋ ከሸራው ይሸሻል። ሸራውም ሲግል የመያዝ አቅሙን ያጣል። ፔዳሉ ወደ ወለሉ እየወረደ መኪናው ግን ወደፊት ይሄዳል። በዚህ ላይ የዚያ ዘመን የፍሬን ፓምፕ አንድ ክፍል ብቻ ስለነበረው፣ አንድ ቦታ ዘይት ካፈሰሰ አራቱም እግር ፍሬን አልባ ይሆናል።

የባልንጀራዬ አጎት ዕድሜያቸውን ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ በከባድ መኪና ሲወርዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ባልንጀራዬ የፊት ፍሬኑን ወደ ዲስክ ሊቀይር መሆኑን ሲሰሙ ሳቁ።

«አንተ ልጅ፣ ቁልቁለት በማርሽ ነው የሚወረደው። ፍሬን ለመጨረሻ ነው።»

«ጋሼ፣ እዚህ ያለው ችግር ቁልቁለት አይደለም። ከፊቴ ያለው ሰውዬ ስልኩን እያየ ድንገት ሲቆም ነው።»

«እሱንስ ማርሽም አይመልሰው» አሉና ካፖርታቸውን አውልቀው ወደ ጋራዡ ገቡ።

ዕቃው በሁለት ካርቶን መጣ። 11 ኢንች ዲስኮች፣ ካሊፐሮች፣ ሸራ፣ ባለ ሁለት ክፍል ፓምፕ፣ ፍሬን የሚያቀልለው ሰርቮ፣ ለኋላ የሚሄደውን ግፊት የሚቀንሰው ቫልቭ (እሱ ከሌለ የኋላ ጎማ ቀድሞ ይነክስና መኪናው ይዞራል)። ሻጩ በስልክ «በአንድ ቀን ይገጠማል» ብሎታል። የየትኛው ፕላኔት ቀን እንደሆነ አልነገረውም። የቀድሞው ባለ 14 ኢንች ቸርኬ ካሊፐሩ ላይ አላልፍ አለ፤ ስለዚህ ባለ 15 ቸርኬ ተገዛ። ቸርኬ ካለ ጎማ አለ። ሰርቮው የሚሠራው ሞተሩ አየር ሲስብ በሚፈጠረው ባዶነት ነው፤ የቀድሞው ባለቤት ግን ድምፁ እንዲያምር ብሎ የጉልበት ካምሻፍት አስገብቶበት ኖሮ፣ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር የሚስበው ምንም አይረባም። ሰው ሁሉ ቆሞ የሚያደንቀው ያ ጉርምርምታ ነው እንግዲህ ለሰርቮው ትንፋሽ የነሳው። መፍትሔው በኤሌክትሪክ የሚሠራ የመሳቢያ ፓምፕ ሆነ። ይህ ሁሉ ሲገዛ ደረሰኙ የት እንደሚቀመጥ ባልንጀራዬ እንጂ ሚስቱ አታውቅም።

ከዚያ አየር ማስወጣት መጣ። ፍሬን ዘይት ቀለም ይበላልና ባልንጀራዬ መከላከያው ላይ ከአገር ቤት የመጣለትን ጋቢ አለበሰ፤ መኪናው የታመመ ሽማግሌ መስሎ ቆመ። እኔ መሪው ጋ ተቀመጥኩ፣ እሱ ከፓምፑ ሩቅ ከሆነው ከቀኝ የኋላ ጎማ ሥር ገባ።

«ርገጥ!»

«ረገጥኩ!»

«ያዝ!»

«ይዣለሁ!»

«ልቀቅ! ኧረ ልቀቅ እንጂ!»

አራቱን እግር ዞርን፤ ፔዳሉ አሁንም ትኩስ ድፎ ዳቦ የመርገጥ ያህል ይለሰልሳል። እንደገና ዞርን። ጎረቤታችን፣ ጥሩ አሜሪካዊ፣ በአጥሩ በኩል ብቅ ብሎ ሁሉም ሰላም መሆኑን ጠየቀ። ሰላም ነው አልነው። ዘይቱ በሁለተኛው ጠርሙስ አልቆ ሦስተኛው ሲከፈት አጎቱ ወንበራቸውን ትተው ተነሡ፣ ጎንበስ ብለው የፊት ካሊፐሩን በጣታቸው ዳሰሱት።

«ይህቺ አየር ማስወጫ ብሎን ለምን ታች ሆነች?»

ባልንጀራዬ የግራውን ካሊፐር ቀኝ፣ የቀኙን ግራ ገጥሞታል። ሁለቱም ልክክ ብለው ይገባሉ፤ ልዩነታቸው ብሎኗ ከላይ ወይም ከታች መሆኗ ብቻ ነው።

«አየር እኮ ወደ ላይ ነው የሚወጣው» አሉ አጎቱ። «እናንተ ወደ ታች ና እያላችሁ ትለምኑታላችሁ።»

ካሊፐሮቹ ቦታ ተለዋወጡ። እንደገና «ርገጥ»፣ እንደገና «ያዝ»። ፔዳሉ ከግማሽ መንገድ ላይ ጠጥሮ ቆመ።

ባዶ የመኪና ማቆሚያ ፈልገን ሄድን፤ አጎቱ «ቀልድ የለም፣ እኔም አለሁ» ብለው ከኋላ ወንበር ተቀመጡ። ባልንጀራዬ ነዳጁን ሰጠው፣ ከዚያ እንደ ድሮው ልማዱ ባለ በሌለ ኃይሉ ረገጠ። ለታምቡሩ ያስፈልገው የነበረ ርግጫ ነው። ጂቲኦዋ አፍንጫዋን ደፍታ ቀጥ አለች። የአጎቱ ባርኔጣ በመካከላችን አልፎ መስታወቱን መታ፣ ቡናዬ ደረቴ ላይ ፈሰሰ፣ ከወንበር ሥር ምናልባት ከ1970ዎቹ ጀምሮ ተደብቆ የኖረ እስክሪብቶ ተንከባልሎ ወጣ።

«ሳይቀዘቅዝ ድገመው፣ ከዚያም ድገመው» አሉ አጎቱ ባርኔጣቸውን እየተቀበሉ። ደገመው። ሦስተኛውም እንደ አንደኛው ሆነ፤ ታምቡር ይህን አያውቀውም።

አሁን ባልንጀራዬ ከፊቱ ያለውን ሰው አይፈራም። የሚፈራው ከኋላው ያለውን ነው። እሱ ቀጥ ማለት ሲችል፣ ከኋላ ተጠግቶ የሚመጣው ሰውዬ ይችላል ወይ? አሮጌ መኪና ደግሞ ያላት የፍሬን መብራት ግራና ቀኝ፣ ዝቅ ብሎ ነው፤ ከኋላ መስታወት ከፍ ብሎ የሚበራው ሦስተኛው መብራት እዚህ አገር ግዴታ የሆነው ከ1986 ሞዴል ወዲህ ነው። እናም ባለፈው ሰሞን ሌላ ካርቶን መጣ። በሩን የከፈተችው ሚስቱ ነበረች።

«ይሄስ ምንድን ነው?»

«መብራት ናት። ፍሬን ስይዝ መቆሜን ከኋላ ላለው የምታሳውቅ።»

«ወጪውስ ሲቆም የሚበራ መብራት አይሸጡም?»