እናትነትን ለምትሸጥ ጀማሪ ሠዓሊት

እህቴ፣ ስለ እናትነት የሣልሻቸውን ሥዕሎች ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባ ላይ ልታሳዪና ልትሸጪ መሆኑን ሰማሁ። እንኳን ደስ ያለሽ። አትደንግጪ፤ ቀስ እያልን አብረን እንወጣዋለን።

መጀመሪያ የወሊድ ፈቃድሽን ጨርሺ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዙ ይሰጣል፤ አሠሪ ላላት ማለት ነው። ያንቺ አሠሪ አንቺው ነሽ። ማመልከቻ ጻፊ፣ ለራስሽ አስገቢ፣ ራስሽ ፍቀጂ። ደመወዙንም ከራስሽ ተቀበዪ። ከዘገየ በራስሽ አትቀየሚ።

ወደ ሸራው እንምጣ። እናቲቱን ነጠላ አልብሻት። አንቀልባ አትርሺ፤ ልጅሽን አዝለሽበት ባታውቂም ገዢው ይወደዋል። ሕፃኑን አስተኚው። የሚያለቅስ ልጅ ሳሎን ውስጥ አይሰቀልም፤ ገዢው ቤት የራሱ አለው። ሌሊት 9 ሰዓት በመስታወት ያየሽውን ፊት ተዪው። እውነት ነው፤ ከሶፋው ጋር ግን አይሄድም። ጡት ማጥባት ይቻላል፤ ጡቱ አይታይ።

ከቀደሙሽም ተማሪ። ፈረንሳዊቷ ቤርት ሞሪሶ እህቷ የሕፃኗን አልጋ ስትጠብቅ ሣለች። እ.ኤ.አ. በ1874 ፓሪስ ላይ ብታሳየው ገዢ አላገኘም። ሉቭር የገዛው በ1930 ነው፤ ሠዓሊቷ ከሞተች 35 ዓመቷ ነበር። ስለዚህ ታገሺ። አሜሪካዊቷ ሜሪ ካሳት ደግሞ እናትና ልጅ በመሣል ስሟ ገነነ። እሷ አላገባችም፣ አልወለደችም። ልወቅስሽ አይደለም፤ ለሚቀጥለው እንድታስቢበት ብዬ ነው።

ዋጋ ስትተምኚ ፍሬሙን ደምሪ። ቀለሙንም ደምሪ፤ ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚመጣው ተወዷል። እንቅልፍሽን አትደምሪ፤ ደረሰኝ የለውም። የጋለሪውን ድርሻ ቀንሺ። እስከ ግማሽ ሊሆን ይችላል፤ አይክፋሽ፣ ግድግዳው የእነሱ ነው። ገዢው ሥዕሉ ፊት ቆሞ እናቱን ሲያስታውስ አትረብሺው። ዓይኑ እንባ ያቅርር። «ለእናት ዋጋ አይወጣላትም» ይልሻል። ቀጥሎ ቀንሺ ይልሻል። ቀንሺለት፤ በቃሉ የሚገኝ ሰው ነው።

የመክፈቻው ዕለት ሞግዚት ፈልጊ። ፕሮግራሙ ምሽት ነው፣ ልጅሽ ራት በልቶ በሚተኛበት ሰዓት። ይዘሽው ከመጣሽ ሥራሽን እንደ ቀልድ ይዘሽዋል ይባላል። ትተሽው ከመጣሽ «ልጁን ማን ያዘልሽ?» ትባያለሽ። ለሁለቱም አንድ ፈገግታ ይበቃል። ጋዜጠኛው እናትነትና ሥዕልን እንዴት እንዳጣጣምሽ ይጠይቅሻል፤ መልስ አዘጋጂ። አጠገብሽ የቆመው የአምስት ልጆች አባት የሚጠየቀው ስለ ቀለም አጠቃቀሙ ነው። እሱን አትዪ። ሰውዬው ስለ ልጆቹ ምን ያውቃል?

ሥዕሉ ሲሸጥ ቀይ ምልክት ይለጠፍበታል። ፎቶ አንሺው፣ ለእናትሽ ላኪላት። ገንዘቡ ቶሎ አይደርስም። አትነዝንዢ፤ በሳምንት አንዴ፣ ልጁ ሲተኛ ደውዪ። ወተት አልቋል አትበዪ፤ አሁን ሠዓሊት ነሽ። ሞግዚቷ ሒሳቧን ስትጠይቅሽ እሷንም ታገሺ በያት። ልጇን ክፍለ ሀገር ትታ የመጣች ከሆነ ነገሩ ቶሎ ይገባታል።