የባሰ አታምጣ፦ ስለ ተስፋ አለካክ አጭር ጥናት

የአማርኛ ተናጋሪ ተስፈኛ ነው ወይስ ጨለምተኛ? ጥያቄው እስካሁን እልባት ያላገኘው ተጠያቂው ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ ስለሚመልስ ነው።

«ኑሮ እንዴት ነው?» ለሚለው የሚሰጠውን መልስ እንመርምር። «ኧረ ተመስገን» ይቀድማል። ቀጥሎ የጤፍ፣ የዘይትና የቤት ኪራይ ዋጋ በቅደም ተከተል ይዘረዘራል፤ ይህ ክፍል ከአቦል እስከ በረካ ሊዘልቅ ይችላል። መዝጊያው «ብቻ የባሰ አታምጣ» ነው። ተናጋሪው ያለበትን መከራ የሚለካው ገና ባልመጣ መከራ መሆኑን ልብ ይሏል። ያልመጣው ወሰን ስለሌለው፣ ያለው ምንጊዜም ቀሎ ይገኛል። ኪራዩ በእጥፍ ቢጨምር እንኳ ቀመሩ አይነካም።

«ሳይደግስ አይጣላም» ደግሞ በማስረጃ ረገድ የሚደርስበት የለም። ከሥራ ተባሮ የተሻለ ያገኘ ሁሉ ይመሰክርለታል። ተባሮ ያላገኘው ድግሱ ገና እየተሰናዳለት ስለሆነ በቆጠራው አይገባም።

ሲኒ ሲሰበር የሚባለው «ክፉውን ይዞ ይሂድ» ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ሰባሪው እንግዳ መሆን አለበት። የቤቱ ልጅ ከሰበረው ክፉው ከሲኒው ጋር አይሄድም፤ እንግዶቹ እስኪወጡ ይጠብቃል።

የሕመም ጠያቂዎች ምርመራም ፈጣን ነው። በሽታው ምን እንደሆነ ሳይጠየቅ «ለክፉ አይሰጥህም» ይባላል። ውጤቱ የሚከለሰው ከግቢው በር ውጭ፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ነው።

ተስፋን ወደ ላይ የለኩት የቱሪዝም አባት የሚባሉት ሀብተሥላሴ ታፈሰ ናቸው። ለውጭ ጎብኚ ያቀረቡት የ13 ወር ፀሐይ ሐምሌና ነሐሴንም ይጨምራል። 13ኛዋ ጳጉሜ 5 ቀን፣ በየ4 ዓመቱ 6 ቀን ብቻ ናት፤ እሷም የምትውለው ዝናቡ ሳያባራ ነው። ጃንጥላ ሻጮች ተቃውሞ አላሰሙም።

የቀረው «የባሰም አለ አገርህን አትልቀቅ» ነው። ይህን ምክር ዛሬ አጥብቆ የሚለግሰው የለቀቀው ሰው ነው፤ ከሜሪላንድ ደውሎ፣ በሁለት ሥራ መካከል፣ «እዚህም እኮ እንዳይመስልህ» እያለ። አገር ቤት ያለው ዘመድ በትዕግሥት ያዳምጣል፤ «እውነትህን ነው» ይላል፤ ከዚያ የዘንድሮው ዲቪ መቼ እንደሚሞላ ይጠይቃል።