ያላገባህ ለመሆኑ ምስክር ጥራ!

ከመገናኛ «ካራ! ካራ!» ተብሎ የሞላ ታክሲ ኮተቤን ሳያልፍ የውጭ አገር ዘመድ ጉዳይ ይነሳል። የአንዱ ወንድም ጀርመን ነው፣ የአንዷ እህት ጣልያን፣ የሌላው ልጅ አሜሪካ። ድሮ ወሬው ከዚያ ስለሚላክ ገንዘብ ነበር፤ አሁን ከዚህ ስለሚላክ ወረቀት ሆኗል። ወረቀቱን ሰፈሩ በአጭሩ «ያላገባ» ይለዋል። በሰው አገር ትዳር ሊይዝ የተነሳ ሰው፣ ከአገርህ መንግሥት ሚስት እንደሌለህ አስመስክረህ አምጣ ሲባል የሚፈልገው ማስረጃ ነው። በዚህ ወረቀት ዙሪያ ከታክሲ ተራው እስከ ወረዳው መስኮት ብዙ ይባላል። የሚባለውን እንደሰማሁት አስቀምጬ መልሴን ከሥሩ አስከትላለሁ።

«ያላገባህ ለመሆኑ ምስክር ይዘህ ና!»

ምስክር ያለው ያገባ ሰው ነው! የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በክብር መዝገብ ሹም ፊት ለሚጋቡ ሰዎች በየወገናቸው ሁለት ሁለት ምስክር ይቁምላቸው ይላል። አራት ሰው ቆሞ ያያል፣ ያየውን ይፈርማል። ያላገባው ምኑን ያሳያል? ያልተደገሰውን ድግስ ማን በልቶ ይመስክርለት? የካራ ጎረቤት ልጁ እዚህ ሳለ ሚስት እንዳልነበረው ቢናገር ያምርበታል፤ ሲያድግ አይቶታል፣ ከእናቱ ጋር በአንድ እድር ነው። ፍራንክፈርት ከገባ ወዲህ ስላለው ኑሮ ግን ምን ያውቃል? ይህን ሳትለይለት «እስከ ዛሬ አላገባም» በሚል ቅጽ ላይ ካስፈረምከው፣ ያላየውን አየሁ ማለትን አስለመድከው።

«ራሱ ባይመጣም ወኪሉ ትጨርስለታለች።»

ሕጉ በአንቀጽ 12 ጋብቻ በውክልና አይፈጸምም ይላል። ከባድ ምክንያት ኖሮ ካልተፈቀደ በቀር፣ ተጋቢው ራሱ ቀርቦ በራሱ አፍ ፈቃዱን መስጠት አለበት። ታዲያ «አገባለሁ» ለማለት ራስህ ና የተባለ ሰው፣ «አላገባሁም» ለማለት እህቱን የሚልከው በምን ሒሳብ ነው? የእሱን ኑሮ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ቃሉን እሱ ይስጥ።

የውክልናውን መንገድ ደግሞ አብረን እንሂደው። ልጁ ካለበት ከተማ ተነስቶ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ይሄዳል፤ ይፈርማል፣ ይታተምለታል። ወረቀቱ በመንገደኛ እጅ ወይም በፖስታ አዲስ አበባ ይገባል። ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የኤምባሲውን ማኅተም ያረጋግጣል። ቀጥሎ ሰው ሁሉ ዛሬም «ውልና ማስረጃ» የሚለው መሥሪያ ቤት ይመዘግበዋል። እህት ወረዳ ሄዳ የምትሰለፈው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ማስረጃውን ስታገኝ ደግሞ ያንኑ መንገድ መልሳ ትያያዘዋለች፤ ትርጉም ቤት፣ ውልና ማስረጃ፣ ውጭ ጉዳይ፣ ወረቀቱ የሚሄድበት አገር ኤምባሲ። ከወረዳው በቀር በነዚህ ሁሉ ደጆች የሚጣራው ማኅተሙ የማን እንደሆነ ነው። ሰውየው ሚስት አለችው ወይስ የለችውም የሚለው ዋና ጥያቄ ወረዳው መስኮት ላይ፣ በሁለት ሦስት ጎረቤት ቃል አልቋል።

«መዝገብ አገላብጠን ነው የምንሰጠው።»

እሰየው! መዝገቡ ግን ዕድሜው ስንት ነው? የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት መመዝገብ የተጀመረው ደግሞ ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ከተፈራረመው በቀር፣ በሽማግሌ የተዳረው፣ በቁርባን የተጋባው፣ ኒካህ ያሰረው ሕዝብ በየቤቱ ነው ያለው። በ1990 የተዳረ ሰው ስሙ በመዝገቡ ቢፈለግ ላይገኝ ይችላል፤ ልጆቹ ግን ዩኒቨርሲቲ ጨርሰዋል። መዝገብ «አላገኘሁም» ማለት ይችላል። «የለም» ለማለት ገና ዕድሜው አልደረሰም። ሐቀኛ ማስረጃ የሚለው እንዲህ ነው፤ «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በያዝነው መዝገብ በዚህ ሰው ስም ጋብቻ አልተመዘገበም።» ይህን ጽፎ ማኅተሙን ይምታበት። የሚያውቀውን ብቻ የተናገረ መሥሪያ ቤት ማንም ፊት አያፍርም።

«እኛ በሽማግሌ ነው የተጋባነው፤ እግዜር ያውቀዋል፣ ወረቀት ምን ሊፈይድ?»

እትዬ፣ እግዜር ያውቀዋል፤ ወረዳው ግን አያውቀውም። የቤተሰብ ሕጉ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖትና በባህል የሚፈጸሙትን ጋብቻዎች ሦስቱንም ጋብቻ ይላቸዋል። ያው ሕግ በየትኛውም መንገድ የተፈጸመ ጋብቻ ይመዝገብ ብሎ አዟል። ዛሬ ባልዎ ከባሕር ማዶ ሆኖ ወኪል ልኮ «ያላገባ» ቢያወጣ፣ መዝገቡ ስምዎን ስለማያውቀው ይሰጠዋል። እርስዎ በኋላ የሠርግ ፎቶና ሽማግሌ ይዘው ፍርድ ቤት መቆምዎ አይቀርም፤ ሚስትነትዎንም ያስረዱ ይሆናል። ግን ከሽማግሌዎቹ ግማሹ አልፏል፣ ጠበቃ ገንዘብ ይፈልጋል፣ ቀጠሮው ይረዝማል። እንጦጦ ወጥታ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባዋ ተሸክማ እየወረደች የባሏን የመንገድ ብር ያዋጣች ሴት፣ በአንድ ገጽ ወረቀት «አልነበረችም» መባል የለባትም። ነገ ዛሬ ሳይሉ ያስመዝግቡ።

«ምን አለበት? አንድ ፊርማ ናት፤ ልጁ ይለፍለት!»

ጋሼ፣ ፊርማዋ አንድ ናት፤ የምትጎዳው ግን ብዙ ሰው ነው። ልጁ በእርግጥ ያላገባ ከሆነ የሚያውቁትን ይመስክሩለት፤ ጽድቅ ነው። ሚስት እንዳለችው እያወቁ ከፈረሙ ግን እዚህ ያለችውን ሚስት ካዱ፣ እዚያ ያለችውን ሙሽራ አታለሉ። የቤተሰብ ሕጉ በአንቀጽ 11 በጋብቻ ላይ ጋብቻ ይከለክላል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 650 ይቀጣበታል። ጥፋተኛው ያገባ መሆኑን ደብቆ ሁለተኛዋን ካሳሳተ ደግሞ ቅጣቱ እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። የእርስዎ ፊርማ የገባችው ከዚህ መሐል ነው።

ሦስተኛውን ተጎጂ ደግሞ ማንም አይቆጥረውም። ጀርመኖች የኢትዮጵያን ሰነድ በማኅተሙ ብቻ አይቀበሉም፤ የተጻፈው እውነት መሆኑን እዚሁ አገር ሰው መድበው ያስጠናሉ። ይህ ጥርጣሬ ከሰማይ አልወረደም፤ ሐሰተኛና የማይታመን ወረቀት እየበዛ ሲሄድ የመጣ ነው። ስለዚህ ለአንዱ አጭበርባሪ የዋሉት ውለታ፣ እውነተኛውን የጎረቤትዎን ልጅ ወራት ያስጠብቀዋል፤ የማጣሪያውንም ወጪ ያስከፍለዋል። በሐሰተኛው ፊርማ የሚቀጣው እውነተኛው ነው።

«ምን ያጣድፋል? ጊዜው ቢያልፍበት ሌላ ይወጣል።»

ወንድሜ፣ መስኮቱ ወዲያ ላለኸው ነው የምናገረው። የጀርመን የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1309 እዚያ የሚያገባ የውጭ ዜጋ ከአገሩ የጋብቻ ብቃት ማረጋገጫ እንዲያቀርብ ያዛል። አገሩ እንዲህ ያለ ወረቀት የማይሰጥ ከሆነ የከፍተኛው የክልል ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሰነዶቹን መርምረው ከግዴታው ነጻ ሊያደርጉት ይችላሉ፤ ያ ፈቃድ የሚሠራው ለ6 ወር ብቻ ነው። ጣልያንም በፍትሐ ብሔር ሕጓ አንቀጽ 116 ለማግባት የሚከለክልህ ነገር የለም የሚል ቃል ከአገርህ ሥልጣን ካለው አካል አምጣ ትላለች። አንተ «ሲስተም የለም፣ ነገ ተመለሺ» ስትል፣ እዚያ የተቆረጠ ቀጠሮ ይቃጠላል። ቀጠሮው ሲቃጠል ወረቀቶቹ ያረጃሉ፣ አንዱ ሲያረጅ ሌላው እንደ አዲስ ይጠየቃል። እርጉዝ እጮኛ ያለችው አለ፤ የመኖሪያ ፈቃዱ የሚያልቅበት አለ። ከካራ ተነስታ ወረዳው ድረስ በሁለት ታክሲ የመጣችው እህት አንድ ፊርማ ስትጠብቅ ባሕር ማዶ የሁለት ሰው ሕይወት ቆሟል። ይህን እያወቅህ ሥራ።

«ተለያይተን ስንት ዘመናችን! ያው እንዳላገባ ነኝ።»

አይደለህም! የተፋታና ያላገባ ለየቅል ናቸው፤ የተለያየና የተፋታም እንደዚያው። በቤተሰብ ሕጉ ፍቺ የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው። ልብስህን በሻንጣ ይዘህ መውጣትህ፣ ሰባት ዓመት አለመደዋወላችሁ፣ እሷ ሌላ ወለደች መባሉ ፍርድ አይሆንም። ተፋትተህ ከሆነ የፍርድ ቤቱን ውሳኔ አስመዝግብና «የተፋታ» የሚል ማስረጃ አውጣ፤ የፈታ ሰው እንደገና ቢያገባ ማንም አይከለክለውም። «ያላገባ» ብለህ ካወጣህ ግን ነገ የልጅህ የልደት ማስረጃ ከወረቀትህ ጋር ይጣላል። ልጁንም «አባትህ ማን ነው?» የሚል ጥያቄ ፊት አቁመኸው ትሄዳለህ።

«ጉዳይ አስፈጻሚ ያዝ፤ በአንድ ቀን ያልቅልሃል።»

በአንድ ቀን የሚያልቀው እውነቱ ከሆነ፣ ለመስኮቱ ሰው ሁሉ በአንድ ቀን ለምን አያልቅም? ለደላላ ብቻ የሚከፈት በር ካለ፣ ከበሩ ኋላ የሚሸጠው ፍጥነት ብቻ አይደለም። ምስክር ሲከራይ የሰፈር ሰው ያውቃል። መታወቂያ ይዘው ደጃፍ የሚቆሙ፣ ልጁን አይተውት የማያውቁ፣ የእናቱን ስም በዚያው ሰዓት የሚያጠኑ ሰዎች አሉ። እህቴ፣ የወንድምሽን ትዳር በነሱ ቃል ላይ አትመሥርቺ። ነገ አጣሪ ካራ ድረስ መጥቶ «ይህን ሰው ታውቀዋለህ?» ሲለው የተከራየው ምስክር ስልኩን ያጠፋል። ወንድምሽ ግን ሐሰተኛ ሰነድ አቀረበ ተብሎ ስሙ በሰው አገር መዝገብ ይሰፍራል።

«አሁን ፋይዳ አለ፤ ሁሉም በጣት አሻራ ይታወቃል።»

ፋይዳ ጥሩ ነው፤ የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሰውየው ማን እንደሆነ የሚያስረግጥ ቁጥር ሰጥቶናል። ፋይዳ የሚመልሰው ግን «አንተ ማን ነህ?» የሚለውን ነው። «ያንተ ማን ናት?» ተብሎ ሲጠየቅ መልስ የለውም፤ የትዳር ሁኔታ አይመዘግብምና። የጋብቻ መዝገቡ ከዚያ ቁጥር ጋር ተያይዞ፣ ወረዳ ከወረዳ፣ ክልል ከክልል ካልተያየ፣ ደሴ ያገባ ሰው ካራ መጥቶ ላጤ ነኝ ሊል ይችላል። አሻራውም አይከለክለው!

«አሜሪካኖቹ እንዴት ያደርጉታል?»

አሜሪካ ማን ያገባ፣ ማን ያላገባ የሚል አንድ አገራዊ መዝገብ የላትም። ዜጋዋ ሌላ አገር ሊያገባ ሲል በቆንስላ ሹም ወይም በኖተሪ ፊት ቆሞ ራሱ ይምላል፤ ዋሽቶ ከተገኘ በመሐላው ይጠየቃል። የጎረቤት ሰልፍ የለበትም። ጉዳዩን የሚያውቀው ይናገራል፣ የተናገረው ተጠያቂ ይሆናል። እኛስ ለቃል ኪዳንና ለመሐላ መች አዲስ ነን? የሽማግሌ ቃል ደም የሚያደርቅበት አገር ነው ያለን። መሐላውን ከጎረቤት ላይ አንስቶ ባለጉዳዩ ላይ ማድረግ ብቻ ነው የቀረን።

«ተቺ አይጠፋም፤ አንተ ታዲያ ምን ይሁን ትላለህ?»

አራት ነገር እላለሁ። አንደኛ፣ ባለጉዳዩ ባለበት አገር ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ራሱ ቀርቦ ያላገባ መሆኑን በመሐላ ይናገር፤ ሐሰት ከሆነ በወንጀል እንደሚጠየቅ ተነግሮት ይፈርም። ሁለተኛ፣ የሲቪል ምዝገባው መሥሪያ ቤት መዝገቡን አይቶ ያገኘውንና ያላገኘውን በቀጥታ ለኤምባሲው ይላክ፤ አዋጅ 760 ኤምባሲዎች በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን ኩነት እንዲመዘግቡ ሥልጣን ሰጥቷል፣ የሚጎድለው በሁለቱ መሐል ያለው መስመር ነው። ሦስተኛ፣ ጎረቤት የሚመሰክረው ሰውየው እዚህ በኖረበት ዘመን ስላየው ብቻ ይሁን፤ ዘመኑም በቅጹ ላይ ይጻፍ። አራተኛ፣ ከ2008 በፊት የተጋቡትን ቤተ ክርስቲያኑም፣ መስጊዱም፣ እድሩም እየቀሰቀሰ ያስመዝግብ።

እናንተ የካራ ሰዎች ግን ይህ እስኪሆን አትጠብቁ። ያገባችሁ፣ በዚህ ሳምንት መታወቂያችሁንና ምስክራችሁን ይዛችሁ ሄዳችሁ ተመዝገቡ። ፈርምልኝ የተባላችሁ፣ ያያችሁትን ፈርሙ፤ ያላያችሁትን «አላየሁም» በሉ። ውጭ ያላችሁ ልጆች፣ ሚስት ካለቻችሁ ወኪል አትላኩ፤ ፍርድ ቤት ቀርባችሁ እንደ ሕጉ ፍቱ፣ ካልሆነም ወደ ትዳራችሁ ተመለሱ።