ሄድ መለስ ለሚሉት ለአቶ ዩኤስቢ

ቁጥር፦ ሲቋረጥ ጠፍቷል
ለክቡር አቶ ዩኤስቢ
ባሉበት (ካሉ)

ጉዳዩ፦ እየወጡ መግባትዎን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

አመልካች ዋጃ ላይ፣ ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚያልፈው አስፋልት ዳር፣ በአንድ ኮምፒውተር ማመልከቻ የምጽፍና መታወቂያ ስካን የማደርግ ሰው ነኝ። እርስዎ እ.ኤ.አ. በ1996 ሲወጡ ለማውሱም ለኪቦርዱም ለፕሪንተሩም አንድ ዓይነት በር ይበቃል ተብሎ ነበር። አርማዎ እንኳ የአውድማ መንሽ ይመስላል። የእኛ መንሽ ፍሬውን ከገለባ ይለያል፤ የእርስዎ ሁለቱንም አንድ ላይ ይበትናል።

ሰሞኑን አንድ ሽማግሌ የመሬት አቤቱታ ሊያጽፉ መጡ። መታወቂያቸውን ስካነሩ ላይ አጋድሜ ክዳኑን ገጠምኩ። የስካነሩ መብራት ጉዞ ሲጀምር የማውሱ ቀይ ብርሃን ድርግም አለ፤ ኮምፒውተሩም ያቺን የለመድናትን «ዱ-ዱም» አሰማ። ስክሪኑ ላይ የቀረው ግንባርና ሁለት ዓይን ብቻ ነው። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው አዩና፣ «ልጄ፣ አፌን የት ጣልከው?» አሉኝ። አፍ የሌለውን ባለጉዳይ የትኛው ቢሮ ይሰማዋል? (አፍ ያለውንስ?)

እርስዎ ትንሽ ቆይተው ተመለሱ። ሲመለሱ ግን አራት ዓመት አብሮን የኖረውን ስካነር «የማይታወቅ መሣሪያ» አስባሉት። ትናንት ሰላም ብሎ ያስገባን ዘበኛ ዛሬ «ማን ልበል?» እንደሚለን መሆኑ ነው።

ይህ አመል በእኔ አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 20 ቀን 1998 ቺካጎ ላይ፣ ቢል ጌትስ ባሉበት ዊንዶውስ 98 ለሕዝብ ሲታይ፣ ስካነር ቢሰካ ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ ቀረ። እሳቸው ቀልደው አለፉት፣ አዳራሹም ሳቀ። ዋጃ ላይ ግን የሳቀ የለም፤ ሽማግሌው ከፍለዋል።

እኛም ያልወቀስነው የለም። ሙቀቱን ወቀስን፤ አቧራውን ወቅሰን በሩን በደረቅ ብሩሽ ጠረግን፤ መብራቱን ወቀስን፣ እሱስ ለምዶታል። አንዱ ቫይረስ ነው አለ። ሌላው «ፎርማት አድርገው» አለኝ፤ ራሱን ላመመው አንገቱን ቁረጡለት እንደማለት።

ነገሩ የገባኝ ማሳ ዳር ነው። እዚህ ቆላው ላይ ገበሬ ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ማሽላውን ያጠጣል። የላይኛው ማሳ አብዝቶ ከጠለፈ ለታችኛው የሚደርሰው የጎርፉ ወሬ ነው። የእርስዎም ነባሩ በር የሚያፈሰው 5 ቮልት፣ ቢበዛ 500 ሚሊአምፔር ነው። እኔ ደግሞ ከፊት ባለው በአንዱ በር ላይ የራሱ አዳፕተር የሌለው ሃብ (በር ማባዣ) ሰክቼ፣ ስካነር፣ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ፣ ማውስና ኪቦርድ ደርድሬበት ነበር። እንዲህ ያለው ሃብ አቀንጭራ ነው፤ የሚኖረው የሰው ሥር መጥምጦ ነው። ስካነሩ ሲንቀሳቀስ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ የተሰካው ሁሉ ተያይዞ ይወድቃል።

ስለዚህ ስካነሩን ከኋላ፣ በቀጥታ ማዘርቦርዱ ላይ ካለው በር ሰካሁት፤ የፊተኛው በር በውስጥ በኩል በሽቦ ተጎትቶ የመጣ ነው። ረጅሙን ገመድ በአጭር ቀየርኩ። ዲቫይስ ማኔጀር ገብቼም ኮምፒውተሩ ኃይል ለመቆጠብ ብሎ በሩን እንዲዘጋ የምትፈቅደውን የራይት ምልክት አነሳሁ። እሷን ማን እንደፈቀደላት እስካሁን አልተነገረኝም።

ጥፋቱ የእኔም ነው፣ አልክድም። ግን ክቡር ሆይ፣ «በዛብኝ፣ አልችልም» ማለት እንዴት አቃተዎ? ግንኙነት መቋረጥ ለእኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም፤ ምክንያቱን የሚነግረን አጥተን ነው እንጂ። «ዱ-ዱም» ምላሽ ነው?

ሽማግሌው ሐሙስ ለአፋቸው ይመጣሉ። እስከዚያ ድረስ ከቦታዎ እንዳይነቃነቁ በትሕትና አመለክታለሁ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለማውስ
ለኪቦርድ
ለፍላሽ (ሲመለስ ይሰጠው)